ከሌዲ ሜይ ሥር አምስት ፎቅ

ቬስፐር፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1994

ወንድሜ ሮይስ፣

ከነሳንባህ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ከነጉልበቴ አለሁ። የላክኸው ብርቱካን ግማሹ በደህና ደርሷል። ግማሹን ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ሳትቀምሰው አልቀረችም፤ ካርቶኑን ስታስረክበኝ እጇ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር።

የድሮውን የጣውላ ግቢ ማን ገዛው ብለህ ጠይቀኸኛል። ፕሬስተን ኬል የሚባል የዴንቨር ሰው ነው። ጭቃ ላይ ሲሄድም ጫማው የማይቆሽሽ ዓይነት ሰው። ሆቴል ሊሠራበት ነው። ሆቴል መሆኑስ ምን ገዶኝ፣ ግን አምስት ፎቅ ይሁን፣ መቶ ሠላሳ ክፍል ይኑረው ነው የሚለው። ባለፈው ሰኞ እንደ ደንቡ ምሰሶዎቹን አቁሟል። ደንቡ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነው፤ ከሁለት ፎቅ በላይ መሥራት የፈለገ ሰው፣ ሕንፃው የሚደርስበት ቁመት ድረስ በየማዕዘኑ ምሰሶ ያቆማል፤ ጫፍ ለጫፍ ብርቱካንማ ሪባን ይወጥርና ኮሚቴው እስኪወስን ይተወዋል። ሕዝቡ ከሥሩ ቆሞ አንገቱን እያንጋጠጠ እንዲሳደብ ነው መቼም። ከወጥ ቤቴ መስኮት ተራራችንን ሌዲ ሜይን አናቷ ድረስ አያት ነበር። አሁን የማየው ሪባን ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሳ ያፏጫል፤ ሳልወድ ጆሮዬን እሱ ላይ እጥላለሁ።

የፕላን ኮሚቴው አምስት ነን። ሊቀመንበሩ ቬርን ትሬሎርና አንድ ሌላ ሰው "ሦስት ፎቅ፣ ሃምሳ ክፍል፣ በቃ" ይላሉ። ባለ ፋርማሲዋና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደግሞ "ከተማው ሥራ ይፈልጋል፣ ትልቁ ይሁን" ባዮች ናቸው። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ድምፅ የምንሰጠው ኖቬምበር 17 ነው። እስከዚያ ድረስ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ሊያሠራ ሱቄ የሚገባው ሁሉ ከስኪው በፊት ምላሴን ነው የሚፈትሸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የኬል መሐንዲስ በ1978 ያወጣኸውን የበረዶ ናዳ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ "ቀዩ መስመር ከግቢው አጥር በላይ ያበቃል፤ የሌዲ ሜይ በረዶ ቢወርድም እዚህ አይደርስም" አለን። ቤቴ ከግቢው በታች ስለሆነ ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። የኋላውን ክፍል ያከራየኋት ልጅ፣ ስኪ ተጫዋቾቹን ሽቅብ የሚያወጣው ሊፍት ላይ የምትሠራው ኢኔዝ አርቹሌታ፣ በጃንዋሪ ትወልዳለች። ባሏ ዋዮሚንግ ጋዝ ቁፋሮ ላይ ነው። ስለዚህ እሷንም ይመለከታታል።

መስመሩ ልክ ነው? አዎ ብለህ ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ኔቫ

---

ቱሰን፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1994

ኔቫ እህቴ፣

ስለ ብርቱካኑ ይቅርታ፤ ሌላ ጊዜ ስልክልሽ ካርቶኑን በገመድ አስረዋለሁ። ሳንባዬ እዚህ ቆላ ውስጥ ደህና ነው። ሐኪሙ አሁንም "ወደዚያ ተራራ ብትመለስ በሳምንት ውስጥ በሬሳ ሣጥን ትወርዳለህ" ይለኛል፤ ልጅ ነው፣ ማስፈራራት ይወዳል። ሁልጊዜ ስልክ አስገባ የምትዪኝን ተዪው። በረዶው ሳይከመር እንዲወርድ ሠላሳ ዓመት ተራራው ላይ መድፍ ስተኩስ የኖርኩ ሰው፣ በር መንኳኳቱን የማውቀው ውሻው ሲነሳ ነው። ደብዳቤ ይሻለናል። በደብዳቤ ስትጮኺብኝም ቃሉ በደንብ ይገባኛል።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አሰብኩበት። አምስቱን ፎቅ ፍቀጂለት።

ግን እንዲሁ አትፍቀጂለት። በጣውላ ሳይሆን በአርማታ ይሠራ። ወደ ሌዲ ሜይ የዞረው ግድግዳ ወፍራም ይሁን፤ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ መስኮት አይኑረው። ወርዱ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይሙላው፤ በጎን መተላለፊያ አይተዉ። ይህን በጽሑፍ አስገቢና "ያለዚህ ድምፄን አልሰጥም" በያቸው። ሦስት ፎቅ የሚሉትን አትስሚያቸው። ሦስት ፎቅ ምንም አይጠቅምም።

ካርታውን በተመለከተ፣ ከተሠራ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በጊዜው በነበረው እውቀት የተሠራ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኢኔዝ አልጋ የትኛውን ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው? በተራራው በኩል ነው ወይስ በኮሪደሩ?

ሮይስ

---

ቬስፐር፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1994

ሮይስ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ያንተ መሆኑን አየሁ። አባባ የድሮ ቤታችን ላይ አንድ ፎቅ ጨመረ ብለህ ክረምቱን ሙሉ ያላናገርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ዛሬ ምን ነካህ? ፀሐይ መታህ?

ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ምሰሶዎቹ ሥር ተሰበሰብን። ኬል ትኩስ ቸኮላት በትልቅ ማሰሮ አስመጥቶ ለሕዝቡ ያድላል። ቬርን ሁለት ኩባያ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ "ጉቦ መሆኑ ነው? እንዲህ ከሆነ ሦስተኛም ቅዳልኝ፣ አሁንም ሦስት ፎቅ ነው የምለው" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ኬልም አብሮ ሳቀና ወደኔ ዞሮ፣ "ወይዘሮ ሆስኪን፣ እርስዎ ከታች ስለሚያዩት ነው የሚገዝፍብዎት። ከላይ ሲታይ እኮ ትንሽ ነው" አለኝ።

"ከላይ የሚያየው እግዜር ነው" አለ ቬርን፤ "እሱ ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ የለም።"

ኢኔዝ ሆዷን ደግፋ ቆማ ነበር። "ይቅርታ፣ ለሠራተኛስ መኖሪያ አለው?" ብላ ጠየቀች። ኬል ደስ አለው። "እንዴታ! ከኋላ በኩል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ሃያ አልጋ ይኖረዋል" አላት። "የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ በለኛ" ብላ ሳቀች። ያንተን ወፍራም ግድግዳ አሰብኩና እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሃያው አልጋ የሚዘረጋው እሱ ሥር ነው።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። አልጋዋ ተራራውን ተጠግቶ ነው። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ሌላ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ለምን ጠየቅኸኝ?

ትናንት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ፤ ጣት የሚያህል ቢሆን ነው። ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስሄድ የበሩ እጀታ ላይ ብርቱካንማ ሪባን ታስሮ አገኘሁ። አምስት ቋጠሮ ቋጥረውበታል። ማን እንዳሰረው፣ አምስቱን ደግፊ ለማለት ይሁን ከደገፍሽ ወየውልሽ ለማለት፣ አላወቅኩም። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩትና ቀኑን ሙሉ የገባውን ሰው ሁሉ እጅ እጁን ሳይ ዋልኩ። ስንቱን አብሬው ያደግኩትን ሰው!

ስለ ብርቱካኑ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ውሻው ነግረኸኛል። የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ብቻ ዘለልከው።

ኔቫ

---

ቱሰን፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1994

ኔቫ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ከዘገየሁብሽ ለዚያ ነው። አትቆጪኝ።

ኢኔዝን ዛሬውኑ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛውሪያት። ምክንያት ካስፈለገሽ የኋላው ጣሪያ ያፈሳል በያት። አንቺም ሦስት ቀን ያለማቋረጥ በረዶ ከጣለ፣ በተለይ ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ ካለው፣ ሱቅ ሂጂና እዚያ ሰንብቺ። እሷንም ይዘሻት ሂጂ። አልጋ ከሌለ ኮት አንጥፉ።

አሁን መድፉን የሚተኩሱት ልጆች እነማን ናቸው? የበረዶ ማዕበል ሲመጣ ሌዲ ሜይን ስንተኛ ተራ ላይ ነው የሚደርሱባት? ስማቸውን ላኪልኝ፣ እጽፍላቸዋለሁ።

ስለ መስመሩ ለጊዜው አትጠይቂኝ። ስለ ግድግዳው ግን የነገርኩሽን አትርሺ።

ሮይስ

---

ቬስፐር፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1994

ሮይስ፣

ኢኔዝን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛውሬያታለሁ። ጣሪያው ያፈሳል አልኳት። ቀና ብላ ደረቁን ጣሪያ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችና ልብሷን ሰበሰበች። አሁን እሷም ፈርታለች። ሁለታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ጣሪያ ስናይ እናመሻለን።

መድፉ ላይ ያሉት ሁለት ልጆች ናቸው። ከላይኛው የስኪ ሜዳ ጀምረው እየወረዱ ይተኩሳሉ፤ ሌዲ ሜይ ላይ የሚደርሱት በመጨረሻ ነው፣ ያውም ጊዜ ከተረፋቸው።

አሥራ ሦስት ቀን ቀረን። እኔ እንደ ልጅ ነገር የሚደብቁኝ ሴት አይደለሁም። ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?

ኔቫ

---

ቱሰን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1994

ኔቫ እህቴ፣

ልክ አይደለም።

አሁን ተቀመጪና አንብቢው።

በ1978 በጋውን ሙሉ እዚያ ቁልቁለት ላይ ዛፍ ስሰረስር ከረምኩ። ናዳ የነካው ዛፍ ጠባሳው ውስጡ ይቀራል፤ ቀለበቱን ቆጥረሽ መቼ እንደተመታ ታውቂያለሽ። ከጣውላ ግቢው በታች፣ ያንቺ ጓሮ አጠገብ ያሉት ሦስት ትልልቅ ጥዶች ጠባሳው አላቸው። አያታችን ወጣት ሳለ ሌዲ ሜይ ወርዳ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ቤት ስላልነበረ ያወራላት የለም። ሒሳቡን ሠራሁት። ሌዲ ሜይ ሙሉዋን ከወረደች ግቢውን አቋርጣ፣ መንገድሽን አልፋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሳ ነው የምትቆመው። መስመሩን እዚያ ላይ አሰመርኩት።

ባልሽ ዴል ከሞተ ገና አራት ወሩ ነበር። አንቺ ዳቦ እንኳ ሲቀርብልሽ አትበዪም ነበር። ያቆመሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱቁ። ባንኩ ደግሞ የሱቁን ብድር የሚሰጥሽ በቤትሽ ዋስትና ነበር። ቤትሽ ቀይ ውስጥ ከገባ ሱቅ የለም። ቤቱም የሚገዛው አይኖርም፣ አንዲት ክፍል እንኳ እንድትጨምሪበት አይፈቀድልሽም። ቀለሙ ሳይነካው በፊት ላጲስ አነሳሁ። ካንቺ ቤት ብቻ ባነሳው ያስታውቃል ብዬ መስመሩን በሙሉ ከግቢው አጥር በላይ አወጣሁት። መቶ እርምጃ ያህል ነው። ካርታው ላይ ግን ሁለት ጣት ናት።

መቶ ዓመት ውስጥ አንዴ የሚመጣ ነገር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ ደግሞ እኔ አለሁ አልኩ። ማዕበል በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ጥይት ሌዲ ሜይ ላይ የምተኩሰው ለምን ይመስልሽ ነበር? አለቆቼ "ያንን ተወው፣ የስኪ ሜዳውን ክፈት" እያሉ ሲጮሁብኝ አልሰማም ነበር። በረዶው ሳይከማች በትንሽ በትንሹ አወርደው ነበር። ጆሮዬ ያለቀው እዚያ ላይ ነው፤ አላማርርም። ሳንባዬ አስገድዶ ካወረደኝ ጀምሮ ግን ስድስት ክረምት ነው እዚህ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ የዴንቨርን የአየር ትንበያ የማነበው። በረዶ ይጥላል የሚለውን ሳይ ቁርሴን ትቼ እነሣለሁ።

ትልቁ ሆቴል ለምን እንዳልኩሽ አሁን ገብቶሻል። ሦስት ፎቅ ጣውላ ናዳው ጠራርጎት ቤትሽ ላይ ይጥለዋል። አምስት ፎቅ አርማታ ግን ይይዘዋል። ካንቺ በፊት የሚመታው እሱ ነው።

የምለውን አውቀዋለሁ። በተራራውና ባንቺ መሃል መቶ ሠላሳ ክፍል እንግዳና ሃያ አልጋ ሠራተኛ አቁሚ ነው ያልኩሽ። እንዲህ ብሎ የጻፈልሽ ወንድምሽ ነው። አፍሬያለሁ፣ ግን አሁንም ካንቺ ሞት እሱን እመርጣለሁ፤ እንዲህ ነኝ።

አንብበሽ ስታበቂ ወይ አቃጥዪው፣ ወይ የመሰለሽን አድርጊ። ምንም ብታደርጊ አልቀየምሽም።

ሮይስ

---

ቬስፐር፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1994

ሮይስ፣

አላቃጠልኩትም።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነው። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ልጆቹ የቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ተቀመጡ። ቬርን ስሜን ሲጠራ ተነሣሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተጭኜ ነው ያነበብኩት። "ልክ አይደለም" ከሚለው ጀምሬ "ሁለት ጣት ናት" እስከሚለው አነበብኩ። ከዚያ ደግሞ ስለ ግድግዳው ያልከውን አነበብኩ፤ ሰው ትልቁ ሆቴል ምን እንደሚይዝልን፣ በማን ሰውነት እንደሚይዝልን ማወቅ አለበት ብዬ ነው። በመካከል ስለ ዴል ያለውን ልዘል ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ሄደበትና እሱንም አነበብኩት።

ሲያልቅ ቀድሞ የተነሣው ኬል ነው። "ላየው እችላለሁ?" አለኝ። ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ መለሰልኝ፣ ከዚያ ወንበር ሲፈልግ አጣና መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። "አምስተኛው ፎቅ ላይ እናቴን ላስቀምጣት ነበር" አለ፤ ለማን እንደሚናገር እንጃ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ በኋላማ ጫጫታው! ሃርለን ሞይል፣ ቤቱ ከኔ አጠገብ ያለው፣ "ሽማግሌው ሌባ! አሥራ ስድስት ዓመት ልጆቼን መቃብር ላይ አስተኛ!" ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ታለቅሳለች። ባለ ፋርማሲዋ፣ "እሱን ነበር እኮ በየዓመቱ አበባ የምንሰጠው" አለች። አንዱ ከኋላ፣ "እህቱንስ ምን ታደርጓታላችሁ? ምስኪን፣ ሳታውቀው እሷም እዚያው ነው የምትተኛው!" አለ። ሰዎች ዞረው በአዘኔታ አዩኝ። ዝም አልኩ።

አዲስ ካርታ እስኪወጣ ድረስ ትልቅም ትንሽም ሆቴል የለም፤ አምስታችንም በአንድ ድምፅ ወሰንን። ካርታውን የሚሠሩት ከሌላ ቦታ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እስከዚያ አሥራ አንድ ቤት ክረምቱን ባዶ ይሁን ተባለ። የኔም አለበት። ቬርን እዚያው ስብሰባ ላይ ኢኔዝን፣ "ነይ እኛ ጋ፣ አሮጊቷ ሚስቴ የምትቆጣው ሰው አጥታ ተቸግራለች" ብሎ ይዟት ሄደ። በማግስቱ ደግሞ መድፉ ካለበት መጋዘን ላይ ስምህ ያለበትን ሰሌዳ ነቀሉት። ይህን የምነግርህ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይጽፍልህ ብዬ ነው።

ምሰሶዎቹ ትናንት ወረዱ። እኔ አሁን ያለሁት ሱቁ ውስጥ ነው።

ልነግርህ የምፈልገው ሌላም ነገር ነበረ። ዛሬ አልቻልኩም።

ኔቫ

---

ቱሰን፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1994

ኔቫ እህቴ፣

ሰሌዳውን በመንቀላቸው አትዘኚ። እኔ ብሆን ቀድሜ እነቅለው ነበር። ለሞይል ጽፌለታለሁ፤ ለአሥራ አንዱም ቤት ጽፌያለሁ። የሞይል ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰልኝ። መብቱ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአየር ትንበያውን ሳላነብ ቁርሴን በላሁ። ከዚያ ደግሞ አሁንም ያ ሳጥን የሚያህል ቤትሽ ውስጥ ልብስ ልትወስጂ፣ ፎቶ ልታወጪ እንደምትመላለሺበት ትዝ አለኝና ፍርሃቱ ተመለሰብኝ። አትግቢበት። የረሳሽው ዕቃ ካለ ይቅር።

ይቅር ትዪኝ እንደሆነ ልጠይቅሽ ፈራሁ፤ ይኸው ጠየቅኩሽ። አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ፤ ኃጢአቱ የኔ ብቻ መሆኑ። አንቺ ምንም አታውቂም ነበር። ሕዝቡ የፈለገውን ይበለኝ፣ አንቺን ግን ቀና ብሎ ያይሻል። እሱ ይበቃኛል።

ያልነገርሽኝ ነገር ምንድን ነው? አሞሻል?

ሮይስ

---

ቬስፐር፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1994

ሮይስ ወንድሜ፣

አላመመኝም። በረዶ መጣል ከጀመረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ነፋሱም አንተ ያልከው ነፋስ ነው። ልጆቹ መድፉን አሁን ሌዲ ሜይ ላይ ያስቀድማሉ፤ በተኮሱ ቁጥር የሱቁ መስታወት ይርገበገባል። እስካሁን ትንሽ ትንሽ ነው የወረደችው።

ይቅር ትዪኛለሽ ወይ ብለኸኛል። የማወራውን ስማኝና አንተ ፍረድ።

በ1978፣ በሴፕቴምበር፣ ምሳ ይዤልህ ቤትህ መጥቼ ነበር። አንተ ጓሮ እንጨት ትፈልጣለህ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። መስመሩ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ነበር። ቤቴን በጣቴ ፈለግኩት፤ ከመስመሩ በላይ፣ ቀይ በሚቀባው መሃል ነበር። ምሳውን አስቀምጬ ሳልጠራህ ወጣሁ። ከወር በኋላ ካርታው ታትሞ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሄጄ አየሁት። መስመሩ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው፣ ለማን ብሎ እንዳወጣው ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። ባንክ ሄድኩና ፈረምኩ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አፌን አልከፈትኩም። መኝታዬን ግን ወደ ፊተኛው ክፍል አዞርኩ። ማዕበል ሲመጣ ዕቃ ልቆጥር ነው እያልኩ ሱቅ አድር ነበር። ከዚያ ብቸኝነቱ በረታብኝና የኋላውን ክፍል አከራየሁት። ሮይስ፣ የኋላውን ክፍል አከራየሁት። ኢኔዝን ባለፈው ክረምት በረዶ በከበደ ቁጥር፣ "ነይ ስኪ ሰም መቀባት አግዢኝ" እያልኩ ሱቅ እወስዳት ነበር። በፌብሩዋሪ አንድ ጊዜ ግን ምድጃ ላይ ድስት ረስታ አሳርራብኝ ተጣላን። ተናድጄ ብቻዬን ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጣለ። እኔ እዚህ ነበርኩ፣ እሷን እዚያ ትቻት። ስመለስ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝና ይቅርታ ጠየቀችኝ። በላሁላት።

በኦክቶበር መስመሩ ልክ ነው ወይ ብዬ የጻፍኩልህ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አዎ እንድትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንደገና እንድትዋሽልኝ፣ በጽሑፍ እንድትዋሽልኝና ድምፄን በሰላም እንድሰጥ ነበር የፈለግኩት። አንተ መዋሸት አቃተህ። እኔ ደግሞ ደብዳቤህን አዳራሽ ውስጥ አንብቤ ስምህን ሰጠኋቸውና የራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። "ሳታውቀው" ብሎ ሲጮህ ያ ሰውዬ፣ አውቅ ነበር ማለት ነበረብኝ። ሁሉም በአዘኔታ ሲያዩኝ ደስ አለኝ፤ ይህም እውነት ነው።

ዛሬ ማታ ኮሚቴው ስብሰባ አለው። ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ። ቬርንን አልፈራውም፤ ይሳደባል፣ ከዚያ ይረሳል። ሞይል ምናልባት እስክሞት አያናግረኝም። የምፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኢኔዝ ትናንት ሆዷን ይዛ በረዶውን እየጣሰች ሱቅ መጣች። ሐኪሙ የምትወልጃት ሴት ናት ብሏታል። ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝና በስፓኒሽ አክብሮት እየጠራችኝ፣ "ዶኛ ኔቫ፣ እርስዎ ደብዳቤውን ባያነቡት ኖሮ እኔና ልጄ አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርን። ሕይወታችንን ያተረፉት እርስዎ ነዎት። ስሟን ኔቫ ልላት ነው" አለችኝ።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። "ደስ ይላል" አልኳት፣ ጉንጯን ሳምኳት።

ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ቬርን ቤት ሄጄ ለሷ ብቻ ልነግራት ነው። ኮቴን ለብሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥዬ እሄዳለሁ። ለልጅቱ ሌላ ስም ትፈልግላት።

ኔቫ